የተወጋው ሲረሳ

አኼራ የት እንደሆነ በልጅነቴ አሳምሬ አውቅ ነበር። ጎብዬ ነው። ከቆቦ መናኸሪያ በሚኒባስ ይኬዳል፤ ሮቢት ላይ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ከዚያ ትንሽ እንደሄዱ አኼራ ይደረሳል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ጎብዬ! ጎብዬ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ሰዉ እየተጋፋ የሚገባው ምን አስቸኩሎት እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የነገሩኝ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አጎቴ ካሊድን «የእኔ ወንድ አያት የት አለ?» ባልኩት ቁጥር «ሞቷል» ይለኝ ነበር። እንደ ሐዘንተኛም አልነበረም የሚለው፤ ሚስማርና ቆርቆሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ሆኖ፣ የማይከፍል ደንበኛ እንደሚያባርር ሰው ነበር። «ሞቷል ብዬሻለሁ፣ ጨርሶ ሞቷል!» የቁርኣን አስተማሪያችን ደግሞ የሞተ ሰው ወደ አኼራ እንደሚሄድ አስረግጠው ነግረውናል። እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ሴት አያቴ ኡሙልኸይር፣ ሁላችንም እማማ የምንላት፣ እጄን ይዛ «ነይ ፈሪሀ፣ አያትሽ ጋ ልውሰድሽ» ብላ ጎብዬ ስታወርደኝ ሌላ ምን ልበል? የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሂሳብ ላይ ማን ይችለኛል።

ያን ቀን እማማ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ ለዒድ ብቻ የምታወጣውን ሻሽ አስራ ነበር። የማሽላ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። የቆቦ ሙቀት ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል፤ ቅቤው በግንባሯ ሲወርድ በሻሿ ጫፍ ትጠርገዋለች፣ ትስቃለች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ወዴት ነው እማማ?» አላት ረዳቱ።

«ባሌ ቤት ነዋ!»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። አንዲት ሴት እንዲያውም «እሰይ! እኛንም የሚወስደን በተገኘ!» አለች። እኔ አልሳቅኩም። መሞታችን ስለሆነ ሸሃዳዬን በልቤ እያልኩ ነበር።

ጎብዬ ስንወርድ እማማ ያገኘችውን ሁሉ «የመንሱር ቤት የቱ ነው?» ትላለች። ነገር የሸተተው ሰው መንገድ ማሳየት አይሰለቸውም፤ ሻይ ቤት ተቀምጠው የነበሩት ብርጭቋቸውን ጥለው ተከተሉን። ከአስፋልቱ ጀርባ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ሽርጥ ያገለደመ ሽማግሌ ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ለሞተ ሰው ደህና ነበር። ትንሽ ያስለዋል እንጂ።

ሲያያት ከዘራውን ተመርኩዞ ብድግ አለ። «ኡሙልኸይር?»

«ምነው፣ ሰው አይተህ አታውቅም?» አለችው። «ደግሞ ቤቱን ምን አድርገኸው ነው እንዲህ? ጠዋት አይደል እንዴ ጠርጌው የወጣሁት?»

ያን ቤት ጠርጋው አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ በደጁም አልፋ አታውቅም። ያኔ ግን ይህን ማን ነገረኝ? እማማ መጥረጊያውን አንስታ ቤቱን ትጠርግ ጀመር፣ አቧራው ቦነነ፣ ሽማግሌው መሃል ቆሞ እንባው በፂሙ ላይ ይወርዳል። ሙታን እኛን ሲያዩ የሚያለቅሱት ናፍቀውን ነው ብዬ ስላሰብኩ እጁን ያዝኩት። እጁ ሞቃት ነበር።

«አውፍ ብለሽኝ ነው የመጣሽ?» አላት። «ይቅር ብለሽኝ ነው ኡሙልኸይር?»

«ምን አድርገኸኝ?»

የምትፈትነው መሰለው። ስለዚህ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን አቀና፣ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ሁሉንም ከሥሩ ጀምሮ ነገራት። እኔ ስኳር እየቃምኩ ስለነበር ጆሮዬ የገባው ግማሹ ነው፤ ራቢዓ የምትባል ሴት አለችበት፣ ግመል ነጂ አለበት፣ የቆቦ ገበያ አለበት። ሙሉውን ያወቅኩት አድጌ ነው። መንሱር በወጣትነቱ ለንግድ ጎብዬ ይመላለስ ነበር፤ እዚያው ራቢዓን አገባ። እማማ ያን ጊዜ እናቴን ታጠባለች፣ ካሊድ ቀሚሷን ይዞ የሚሄድ ሕፃን ነው። ፊቷ ቆሞ መንገር ፈራና በአንድ ግመል ነጂ «ፈትቻታለሁ በላት» ብሎ ላከባት። ሰውዬው መልእክቱን ያደረሰው ገበያ መሃል፣ እሷ ለሰው ማሽላ እየሰፈረች ሳለ ነው። ቁናውን እንኳ አላስቀመጠችም። ከዚያ ወዲያ ባል አላገባችም፣ ስሙንም በአፏ አልጠራችም፤ ልጆቿም አልጠሩም። ራቢዓ ከሞተች በኋላ መንሱር ብቻውን ቀረ። ደረቱ ታሞ ነበርና የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እሷ አውፍ ሳትለው እንዳይሞት።

እማማ ግን ገና አሁን እንደምትሰማው ሆና ነበር የሰማችው። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«ፈታኸኝ? እኔን? ልጅ አዝዬ? ምን አጠፋሁ መንሱር?» ደረቷን መታች፤ ጩኸቷ ጎረቤቱን አስወጣ። እሱ እግሯ ላይ ሊወድቅ ይላል፣ እሷ ትሸሻለች። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ወዲያው ምድጃው ላይ የጣደችው ሻይ ገነፈለ። እማማ ሮጣ አነሳችው፣ ፊቷን በሻሿ ጠረገች፣ ግራ ቀኙን አየችና «ስኳሩን የት ነው ያደረግከው?» አለችው። ድምፅዋ የልቅሶ ምልክት አልነበረበትም። ቂጣውን ቆርሳ ሰጠችው፣ ሲያስለው ጀርባውን አሸችለት።

አኼራ ውስጥ ጠብ አይበረክትም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ አገር ነው።

ማታ ቤት ስንደርስ እናቴ ሰይዳ ስትፈልገን ውላ አፏ ደርቋል፤ አጎቴ ካሊድ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። «የት ነበራችሁ?» ሲሉኝ የምሥራቹን ነገርኳቸው። «አያቴን አየሁት! ሞቶም ደህና ነው። ሰላም በሏቸው ብሏል።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ስቃ ይሁን አልቅሳ እስካሁን አልነገረችኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማን የሚያቆማት ጠፋ። በር ቢቆለፍባት በአጥር ወጣች። ጫማዋን ቢደብቁባት የካሊድን ጫማ አድርጋ ሄደች። ባጃጁም ሚኒባሱም ያውቃታል፤ «ባሏ ጋ ናት፣ አሳልፏት!» እየተባባሉ ይጭኗታል። እናቴ ቢቸግራት እኔን አስከተለችኝ። ከተማው ደግሞ ሥራ አገኘ። የላይኛዋ ጎረቤታችን ጂን ነው አለች። የታችኛዋ ድግምት ነው፣ መንሱር አስነክቷት ነው አለች። ቁጭ ብድግ ሲባልበት በሚውለው ሻይ ቤት ያሉ ወንዶች ደግሞ ጉዳዩን አጥንተው ፍቅር ነው አሉ። የዙህር ሰላቷን ሰግዳ ጨርሳ፣ ረስታ ደግሞ እንደገና ስትሰግድ ያዩ ሴቶች «ማሻአላህ፣ እሷስ የደረሰች ናት» ብለው ዱዓ አድርጊልን እያሉ ይመጡ ጀመር። ወጡን ሁለቴ ጨው ስትጨምርበት ግን የደረሰች ናት ብሎ የበላላት የለም።

«እማማ ታማለች» አለች እናቴ። «እኔን ሰይዳ ትለኛለች፣ ፈሪሀንም ሰይዳ ትላታለች። ትናንት ደግሞ ሞቶ የተቀበረ ወንድሟን ምሳ አቆይታ ስትጠብቅ ዋለች።»

«ምኗን ታማለች?» አለ ካሊድ። «ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ጎብዬ ድረስ ትሄዳለች። የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ አገር ላገር ይዞራል እንዴ?»

ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ እርጅና ነው ብለው ቫይታሚን ሰጧት። ኡሙልኸይር በቫይታሚኑ ጉልበት አገኘችና ጎብዬ መመላለሱን አጠነከረችው። ከዓመታት በኋላ ደሴ ያለ አንድ ሐኪም የበሽታው ስም አልዛይመር መሆኑን ለእናቴ ሲነግራት፣ ስሙን እንዳትረሳው አውቶቡስ ውስጥ እስከ ወልዲያ ድረስ በአፏ ስትደጋግመው መጣች። ቤት ስትገባ ግን ማንም ስሙን አልጠየቃትም።

አንድ የገበያ ቀን እናቴ ራሷ ልትመልሰን ጎብዬ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እማማ ደረቷን እየመታች «ምን አጠፋሁ መንሱር?» እያለች ነው። መንሱር በመጣች ቁጥር ይነግራት ነበርና። መስማቱን ትሰማዋለች፣ ማልቀሱን ታለቅሳለች፣ አውፍ ወደምትልበት ልትደርስ ስትል ትረሳዋለች። እሱ ደግሞ ሳምንት ጠብቆ እንደገና ይጀምራል። እኔ የባልና ሚስት ወግ ነው ብዬ ለምጄው፣ ሲጀምሩ ወጥቼ ቁርቁራ እለቅም ነበር።

እናቴ ከአባቷ ጋር ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ተነጋግራ አታውቅም። ያን ቀን መሃላቸው ገብታ ቆመች።

«አባ» አለችው። «በየሳምንቱ አትፍታት።»

መንሱር ቀና ብሎ አያት። እናቴ የእማማን ሻሽ አስተካከለችላት፣ እንባዋን ጠረገችላት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ግመል ነጂው የተነሳ ወሬ የለም። እኔ ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ። ለመንሱር ግን በሩ የተዘጋበት ያኔ ነው፤ ሳይነግራት አውፍ ልትለው አትችልም፣ ከነገራት ደግሞ እንደ አዲስ ሊወጋት ነው።

በዚህ መሃል ሽማግሌዎች ጉዳዩን ያዙት። በእኛ አገር ሽምግልና የማይገባበት ነገር የለም፤ ለጎርፍም ቢሆን ሽማግሌ ቢላክለት ከዞብል ተራራ ይመለስ ይሆናል የሚል ሰው አይጠፋም። ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ተነጠፈ፣ ጫት ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ። ሼህ ሙሀመድሰይድ መሃል ተቀመጡ።

«ያ ጀመዓ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ኩርፊያ ነው። ሴት አኩርፋ ትወጣለች፣ ሲበርድላት ትመለሳለች። ይቺ ትንሽ ዘገየች እንጂ።»

ትንሽ ያሉት አጎቴን ለሽበት ያበቃውን ዘመን ነው።

ካሊድ ብድግ አለ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! እናቴ ይህን እንዴት ትረሳለች? አስነክቷት ነው እንጂ!»

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ተገላብጦ ይኸው» አሉ ሼህ ሙሀመድሰይድ። «የተወጋችው ረስታ ትስቃለች፣ የወጋው እንቅልፍ አጥቷል።»

«ሼህ፣ ታማለች እኮ!» አለች እናቴ ከጓዳ በር ላይ። «ለታመመ ሰው ሐኪም እንጂ ሽማግሌ ምን ያደርግለታል?»

«አብሽሪ ሰይዳ፣ ኢንሻአላህ ሁሉም ይፈታል» አሏትና ወሬያቸውን ቀጠሉ። አብሽሪ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ የመናገር መብት የለውም።

ይሄኔ እማማ ከቤት ወጣች። እንግዶቹን አየች። «አላህን! ይሄ ሁሉ ሰው ምሳ በላ?» አለች።

«በልተናል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። በአንቺ ጉዳይ ነው የተቀመጥነው።»

«በኔ?» ፊቷ ተለወጠ። «ባሌ ሊፈታኝ ነው እንዴ?»

ሁሉም ባንድ ጊዜ «ኧረ የለም! ኧረ በጭራሽ! ማን ይፈታሻል!» እያሉ ተንጫጩ። እሷም «ኤዲያ፣ አስደነገጣችሁኝ» ብላ ገባች።

ፍርዱ የወጣው ወዲያው ነው። የተፋቱ ሰዎች ያለ ኒካህ አንድ ቤት መዋላቸው ሐራም ነው፤ መከልከል ካልተቻለ ኒካሁ እንደገና ይታሰር። እሷ በአፏ ወድጃለሁ ትበል፣ ልጇ ካሊድ ይዳራት። አውፍታውስ ሲባል «ከተጋቡ ሌላ ምን አውፍታ አለ?» ተባለ። የሚገርመው ካሊድ እሺ ማለቱ ነው። «እማማ ደስ ካላት እኔ ማን ነኝ?» አለ። በዚያው ሳምንት ሱቁ መጥታ፣ ደንበኞቹ ፊት፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ? ደግ ፊት አለህ» ብላው ነበር። ያን ቀን በእኔም በደንበኛውም ላይ ሲጮህ የዋለው ተናዶ መስሎኝ ነበር። ማንን አይቶ ያልቅስ? ወንድ ልጅ ሚስማር እየመዘነ አያለቅስም።

የኒካሁ ቀን ፍየል ታረደ። መንሱር ከጎብዬ መጣ፤ ፂሙን ሂና ተቀብቷል፣ ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ጋቢው ታጥቧል። ሙታን ወደ ቆቦ ተመልሰው መምጣት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ሰዉ ሳይሸሽ ተራ በተራ እየተነሳ እጁን ሲጨብጠው፣ አጎቴ ነገሩን አጋኖት ይሆን እንዴ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠርኩ። ካሊድ ግን አልጨበጠውም፤ የፍየሉን ቆዳ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል።

እማማን እናቴ አጥባ፣ አልብሳ አመጣቻትና ሰሌኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። መንሱር ከፊት ለፊቷ ነው። ዓይኑን ከሷ ላይ አይነቅልም፤ እሷ ዓይኗ ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች ላይ ነው።

«ኡሙልኸይር» አሉ ሼህ ሙሀመድሰይድ። «ይህን ሰው ለትዳር ወደሻል? በአፍሽ ተናገሪ።»

እማማ ወደሳቸው ዞረች። «ምን አሉ?»

«ይህን ሰው ልታገቢ ወደሻል ወይ?»

«እኔ?» ብድግ አለች። «አዑዙ ቢላህ! ባል ያላት ሴት ትድራላችሁ? በሽበታችሁ አላህን አትፈሩም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ጉንጩን የሞላውን ጫት መትፋትም መዋጥም ረሳ።

«ባልሽ ማን ነው?» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው።

«መንሱር ነዋ! አገር የሚያውቀው!»

«ታዲያ ይኸው፣ መንሱር ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?»

ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ምነው ሼህ! መንሱር እኮ ወጣት ነው። ይህን ምስኪን ሽማግሌ ከየት አምጥታችሁ ነው?»

ከሴቶቹ መሃል አንዷ ሳቅ አመለጣት። ካሊድ ቆዳውን ጣለ። ኒካሁ እዚያው ፈረሰ፤ ሼህ ሙሀመድሰይድ ሊነሱ ሲሉ መንሱር እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። «አንድ ቃል ብቻ» አለ። በጉልበቱ እየተሳበ ሰሌኑን አቋርጦ ከፊቷ ተቀመጠ። ከዘራው ወደኋላ ቀረ።

«እመቤቴ» አላት። «ባልሽን አውቀዋለሁ።»

«ያውቁታል?» ፊቷ በራ። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ግን በድሎሻል። በጣም ነው የበደለሽ። አውፍ በይው።»

«ምን በደለኝ?»

መንሱር ቀና ብሎ እናቴን አያት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ስትነቀንቅ እንባዋ ይረግፋል። እሱም ከንፈሩን ነክሶ ወደ እማማ ተመለሰ።

«የማይነገር ነው» አለ። «ዝም ብለሽ አውፍ በይው። እባክሽ።»

እማማ አሰበችበት። ልክ እንደ ድሮዋ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ማሽላ እንደምትገዛ ሴት አሰበችበት።

«አባቴ» አለችው፣ «አንቱ ደግ ሰው ነዎት። ግን የበደለኝ እሱ ከሆነ እሱ ራሱ መጥቶ አይጠይቀኝም? አንቱን በመሃል ምን አገባዎት?»

ካሊድ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። መንሱር ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «እሺ። እነግረዋለሁ።»

«ንገሩልኝ» አለችው። እጇን ዘርግታ፣ ለማያውቁት የታመመ ሰው እንደሚደረገው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «ፈርቶ እንደሆነም አልቆጣውም በሉት። ይምጣ ብቻ።»

መንሱር ሊነሳ ከዘራውን በእጁ ፈለገው፤ አላገኘውም። እናቴ ሄዳ አነሳችና አስጨበጠችው።